ማዳም የምትናገረው ዐረብኛ እና ስልክሽ የሚያስተምርሽ ዐረብኛ

ዐረብኛ በዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ በዲግሪ ተመርቄ ወደ ባሕረ ሰላጤው የመጣሁ ሰሞን ሱቅ ገብቼ «ኡሪዱ ኹብዘን» አልኩ። ባለሱቁ ሳቀ። ዳቦ እፈልጋለሁ ማለቴ ነበር፤ ግን ያልኩት እንደ ዜና አንባቢ ነው። የሰፈሩ ሰው «አብጋ ኹብዝ» ወይም «አቢ ኹብዝ» ነው የሚለው።

እህቴ፣ ስልክሽ ላይ የጫንሽው መተግበሪያም እንዲሁ ሊያደርግሽ ይችላል። አብዛኞቹ የሚያስተምሩት ፉስሃውን፣ የመጽሐፉን ዐረብኛ ነው። «አሁን» በፉስሃ «አልአን» ነው፤ ማዳም ግን «አልሒን» ትልሻለች። «ምን» ለማለት ኤምሬትስ «ሹ»፣ ሳዑዲ «ወሽ»፣ ኩዌት «ሽኑ» ይላሉ። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ዐረብኛ በአማርኛ የምታስተምር እህት ስታገኚ መጀመሪያ የት አገር እንደሠራች እዪ። ቤይሩት የኖረች ከሆነች «እፈልጋለሁ» ለማለት «ቢዲ» በይ ትልሻለች፤ ሪያድ ላይ ግን የቤቱ ሰው እንደዚያ አይናገርም።

ለጆሮ የሚጠቅመው የዋትስአፕ ወይም የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። እዚያው አገር ከሚሠሩ ሁለት ሦስት እህቶች ጋር ሁኚና ማታ ሥራ ስትጨርሺ በቀኑ ያልገባሽን አንድ ቃል እንደሰማሽው ቀድተሽ ላኪ። በራስሽ ድምፅ ነው ታዲያ! የማዳምን ድምፅ ሳታውቅ መቅዳት በኤምሬትስ ሕግ ያስከስሳል።

ፉስሃውን ግን እንዳትንቂው። አንዲት እህት ወረቀት ይዛ እንድተረጉምላት መጣች። የአራት ወር ደመወዝ አልተከፈለኝም ትላለች። ወረቀቱ ላይ ፊርማዋ አለ፤ ከፊርማው በላይ «ኢስተለምቱ» ይላል፣ ተቀብያለሁ ማለት ነው። እሷ የፈረመችው የመኖሪያ ፈቃድ ማደሻ ነው ተብላ ነበር።

ወረቀት ሁሉ የሚጻፈው በፉስሃ ነው። ከሁሉ በፊት «ኢስተለምቱ»ን፣ «ራቲብ»ን (ደመወዝ) እና «ዐቅድ»ን (ውል) በዓይንሽ ለይተሽ እወቂ። ቁጥሮቹንም ተማሪ፤ ክብ የሚመስለው 5 ነው፣ ነጥቡ ዜሮ ነው፣ የእኛን 7 የሚመስለው ደግሞ 6 ነው። ጉግል ትራንስሌት ከ2016 ጀምሮ አማርኛ አለው፤ ካሜራውን ወረቀቱ ላይ ስትደግኚው የታተመውን በመጠኑ ያነብልሻል። በእጅ የተጻፈው ላይ ይሳሳታል። ያኔ ፎቶውን ለምታምኛት ሰው ላኪ፤ ስምሽንና የፓስፖርት ቁጥርሽን በጣትሽ ሸፍነሽ አንሺው፣ ብዙ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይም አትልቀቂው። መልስ እስኪመጣልሽ ድረስ «ባክር» በያቸው፣ ነገ ማለት ነው።