ርቀትም ሰዓትም የማይለካ ፊዚክስ

የማስተርስ ተማሪዎች «ስለ ቶፖሎጂካል ኳንተም ፊልድ ቲዮሪ መነሻ ስጠን» እያላችሁ ስትወተውቱኝ ከርማችኋል። እነሆ።

ለጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ የመጾር መስቀሎቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ብዙዎቹ ላይ መስመሩ አንዴ ከላይ እየተሻገረ፣ አንዴ ከሥር እየሾለከ ይጠላለፋል። በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የሚሣለው ሐረግም እንደዚያው ነው። ታዲያ ክሩን ሳንበጥስ አንዱን ጥልፍልፍ (በሒሳብ ቋንቋ፦ ቋጠሮ) ወደ ሌላው መለወጥ ይቻላል?

ቮን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1984 ለእያንዳንዱ ቋጠሮ ፖሊኖሚያል የሚሰጥ ስሌት አገኘ። ፖሊኖሚያሎቹ ከተለያዩ ቋጠሮዎቹ በእርግጥ የተለያዩ ናቸው። ስሌቱ ግን ቋጠሮውን ወረቀት ላይ አስተኝቶ የሚሠራ ነበር፤ በሦስት ዳይሜንሽን ትርጉሙ ምን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ኤድዋርድ ዊተን በ1989 መልሱን ከፊዚክስ አመጣው፦ ቋጠሮው በቸርን ሳይመንስ ቲዮሪ ውስጥ ያለ ዊልሰን ሉፕ ነው፤ የጆንስ ፖሊኖሚያልም የሉፑ ኤክስፔክቴሽን ቫልዩ። የቲዮሪው አክሽን ሜትሪክ የለውም፤ ስለዚህ ርቀትና ሰዓት ቦታ አያገኙም። በ1990 ሁለቱም የፊልድስ ሜዳሊያ ተሸለሙ።

ለጀማሪ ግን የዊተንን ጽሑፍ አልመክርም። ፓዝ ኢንተግራሉ ብቻውን ወር ይፈጃችኋል። ከማይክል አቲያ ጀምሩ። አቲያ በ1988 ቶፖሎጂካል ኳንተም ፊልድ ቲዮሪን በጥቂት ሕጎች ጨመቀው፦ ለእያንዳንዱ ወሰን ቬክተር ስፔስ ስጥ፤ ከወሰን ወደ ወሰን ለሚዘረጋው ቅርጽ ሊኒየር ማፕ ስጥ፤ ቅርጾቹ ሲቀጣጠሉ ማፖቹም ይቀጣጠላሉ፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ቴንሰር ፕሮዳክት ነው። ሲሊንደር ምንም አይለውጥም፤ ሐሚልቶኒያኑ ዜሮ ነውና። ጊዜ ቢነጉድም የሚሆን ነገር የለም፤ ለውጥ የሚመጣው ቅርጹ ሲሰነጠቅ ወይም ሲገጥም ነው።

በሁለት ዳይሜንሽን ወሰኑ ክብ ብቻ ስለሆነ ሁሉም በእጅ ይሰላል። ሁለት ክብ ገብቶ አንድ የሚወጣበትን ቅርጽ የሒሳብ ሰዎች ሱሪ ይሉታል (እኛ አገር ቁምጣ ቢሉት ይሻል ነበር)። ማባዣችን እሱ ነው። ሙሉ ቲዮሪውም አንድ ኮሙታቲቭ ፍሮቤኒየስ አልጀብራ ሆኖ ያርፋል።

እንሥራው። ቤዚሶቹ 1 እና ሀ፣ ሕጉ ሀ² = 0 ይሁን። የመዝጊያው ክዳን 1ን ወደ 0፣ ሀን ወደ 1 ይወስዳል። ስፌር፦ 0። አንድ እጀታ መጨመር በ2ሀ ማባዛት ነው፤ ስለዚህ ቶረስ 2 ይሰጣል። ይህ ቁጥር የቬክተር ስፔሱ ዳይሜንሽን ነው፤ በየትኛውም እንዲህ ያለ ቲዮሪ እንደዚያ ነው። ባለ ሁለት ቀዳዳው 4ሀ² ስለሚሆን ተመልሶ 0። ላብራቶሪ አያስፈልግም፤ መብራት ቢጠፋ በሻማ ይሠራል።

ይህችን ሚጢጢ አልጀብራ አትናቋት። ሚካይል ኮቫኖቭ በ2000 ባሳተመው ሥራ ከእሷ ተነሥቶ፣ የጆንስ ፖሊኖሚያል የማይለያቸውን ቋጠሮዎች ጭምር የሚለይ ሆሞሎጂ ገንብቷል።

የቤት ሥራ፦ ክዳኑን ሳትነኩ ሀ² = 1 አድርጉና ባለ ሦስት ቀዳዳውን አስሉ። 8 ካልመጣላችሁ እጀታውን እንደገና ቁጠሩ።