ድርቅና ጎርፍ የአገር ደኅንነት ጉዳይ የሚሆኑት እንዴት ነው?

ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ሽቅብ ቢያዩ የጮቄ ተራራ፣ ቁልቁል ቢወርዱ የዓባይ ሸለቆ ነው። በዚህ አገር ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ከወጣ ጤፉ ፍሬ ሳይይዝ ይቀራል፤ ዝናቡ በአንዴ ከወረደ ደግሞ የተዳፋቱን አፈር ጠርጎ ይሄዳል። ገበሬው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ታዲያ ጉዳዩ ከግብርና ጽሕፈት ቤት አልፎ የአገር ደኅንነት ዕቅድ ውስጥ ምን ያስገባዋል?

የወሎን ረኀብ እናስታውስ። በ1965 ዓ.ም. ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ደበቀው። ሲገለጥ የተነሣው ቁጣ ከሌላው ብሶት ጋር ተደምሮ ንጉሠ ነገሥቱን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን አወረደ። ድርቁ ብቻውን ያንን አላደረገም፤ አለመዘጋጀቱና መደበቁ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ጉዳይና የአገር ደኅንነት ፖሊሲም ዋናው አደጋ ከውጭ ጠላት ይልቅ የውስጥ ድህነታችን መሆኑን ጽፏል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በአየር ንብረት ለውጥ ላይ መጀመሪያ የተወያየው ከዚያ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. ነበር።

ዕቅድ ስንል አደጋው ሳይደርስ መልስ የሚሹ ጥያቄዎችን ማለታችን ነው። ዝናቡ ቢቀር የትኛው ወረዳ ቀድሞ ይራባል? ሰው ወዴት ይሰደዳል? መጠባበቂያው እህል በማን ትእዛዝ፣ በስንት ቀን ይወጣል? በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የምግብ ርዳታ ፈልገዋል፤ እንደ 1977 ዓ.ም. ረኀብ ያለ እልቂት ያልደረሰው ቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ ሴፍቲኔትና መጠባበቂያ እህል ስለነበሩ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን አፈሩ ነው። ከጎጃም ተራሮች የሚታጠበው አፈር ዓባይን ተከትሎ ሕዳሴ ግድብ ይደርሳል። እዚያ ሲከማች ውኃው የሚተኛበትን ቦታ ይሻማል፤ የገበሬው ማሳም ይሳሳል። ስለዚህ በጮቄ ተዳፋት የሚሠራ እርከን፣ የሚከለል ቦረቦር ግድቡን የመጠበቅ ሥራ ነው። ወጪውንም የወረዳው ገበሬ በጉልበቱ ብቻ ሊሸከመው አይገባም፤ ከግድቡ መብራት የሚጠቀም ሁሉ ድርሻ አለበት።

ይህ ሁሉ የመንገድ ክፍት መሆንን ይጠይቃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት የግብርና ባለሙያና ማዳበሪያ ገበሬው ዘንድ መድረስ ከብዷቸዋል። ግጭትና ድርቅ በአንድ ዓመት ቢገናኙ እህሉ በየትኛው መንገድ፣ በማን ስምምነት ያልፋል የሚለው ከዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መገኘት አለበት።