መወራጨቱ ቢቆምም መርፌው አይቋረጥ

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው፤ ሴቶች ልጆች ላይ ይበዛል። የልጅቷ የእጅ ጽሑፍ ይበላሻል፤ ብርጭቆ ከእጇ ይወድቃል፤ ፊቷና እጆቿ ያለ ፈቃዷ ይወራጫሉ፤ ሆደ ባሻ ትሆናለች። እንቅልፍ ሲወስዳት መወራጨቱ ይቆማል። መምህሩ ቅብጠት መስሎት ይቆጣታል፤ ቤተሰብ ልክፍት ነው ብሎ ጸሎት ያስደርግላታል።

ይህ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም እ.ኤ.አ. በ1686 የገለጸው፣ ሲደንሃም ኮሪያ የሚባለው ሕመም ነው። መነሻው ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያመጣው የቶንሲል ሕመም በጊዜው ካልታከመ፣ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ዞሮ መገጣጠሚያን፣ ልብንና አንጎልን ሊያጠቃ ይችላል፤ ይህም ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው።

የአንጎሉ ምልክት ከጉሮሮ ሕመሙ በኋላ እስከ 6 ወር ሊዘገይ ይችላል። ያኔ የጉሮሮው ነገር ተረስቷል፤ የደም ምርመራውም ደህና ሊመስል ይችላል። ቢሆንም ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ ኮሪያ ብቻውን ሩማቲክ ትኩሳት መኖሩን ለመወሰን ይበቃል፤ ልቧም በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።

መወራጨቱ ከበረታ ሐኪም እንደ ሃሎፔሪዶል ወይም ካርባማዜፒን ያለ መድኃኒት ያዝዛል። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ በጥቂት ወራት ይጠፋል። አደጋው የሚጀምረውም እዚህ ነው፤ ቤተሰብ ልጃችን ዳነች ብሎ ሕክምናውን ይተዋል። ባክቴሪያው በተመለሰ ቁጥር ግን የልብ በሮች ይበልጥ ይጎዳሉ። ይህን የሚከላከለው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወሰደው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው፤ እሱም ለዓመታት ይቀጥላል።

ልጅቷ ሆሳዕና በሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ብትታይም፣ ከሾኔ ወይም ከሺንሺቾ ገጠር በየወሩ እየተመላለሱ መርፌ መወጋት ለገበሬ ቤተሰብ ከባድ ነው። መርፌው ቅርቧ ባለው ጤና ጣቢያ መገኘት አለበት። በመርፌው የሚመጣ ከባድ አለርጂ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያጋጥም በመሆኑ፣ ባለሙያው ድንገተኛ ሕክምናውን ሠልጥኖና መድኃኒቱን አዘጋጅቶ ይውጋ እንጂ በፍርሃት አይመልሳት።

ልብ ከተጎዳ በኋላ ተስፋው በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል ነው፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ የደከሙለት ይህ ማዕከል የሁሉንም ወረፋ አይችልም። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን የልብ በሽታ ለማጥፋት የተስማማበት ሰነድ የአዲስ አበባን ስም ይዟል። ቃሉ እንደ ዱራሜ ላሉ ከተሞችም እንዲደርስ ሦስት ነገር ይበቃል፦ የማይቋረጥ የመርፌ አቅርቦት፣ በየጤና ጣቢያው የሕሙማን መዝገብ፣ ቀጠሮ ያለፋትን ልጅ ቤቷ ሄዳ የምትጠይቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ።