ያውቁ ኖሯል? ቀልሃ ለቃሚዋ እናትና የአሜሪካዊው ወታደር ክስ

በባዕድ አገር የሰፈረ ወታደር ወንጀል ሠርቷል ተብሎ ሲከሰስ ማን ይዳኘው? ብዙውን ጊዜ ይህን የሚወስነው ሁለቱ መንግሥታት አስቀድመው የተፈራረሙት ስምምነት ነው። በአሜሪካና በጃፓን ስምምነት፣ ድርጊቱ የተፈጸመው በሥራ ግዴታ ላይ ከሆነ የመዳኘት ቅድሚያው የጦሩ ነው፤ ካልሆነ ግን የጃፓን።

ይህ ውል ክፉኛ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በጉንማ ግዛት፣ ሶማጋሃራ በተባለ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ፣ የስድስት ልጆች እናት የሆነች ጃፓናዊት ሸጣ የምታድርበትን የናስ ቀልሃ ትለቅም ነበር። መትረየስ እንዲጠብቅ የታዘዘው አሜሪካዊ ወታደር ዊልያም ጂራርድ ጠመንጃው ላይ በተገጠመ የቦምብ ማስወንጨፊያ ባዶ ቀልሃ ተኮሰ። ጀርባዋን መታት፤ ሞተች።

የአሜሪካ ጦር፣ ጂራርድ ሥራ ላይ ነበር አለ። ጃፓን ግን በሴትዮዋ ላይ መተኮስ ከጥበቃ ሥራ ጋር ምንም አያገናኘውም ብላ ተሟገተች፤ እውነትም ነበራት። በአሜሪካ ብዙ ሰው ወታደራችን ለባዕድ ችሎት አይሰጥም ብሎ ተቆጣ። ሆኖም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር፣ አሳልፎ መስጠቱን የሚከለክል ሕገ መንግሥታዊ ምክንያት የለም ሲል ወሰነ።

የማኤባሺ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነው ብሎ የ3 ዓመት እስራት ፈረደበት። ቅጣቱ ግን በገደብ ስለነበር ወህኒ ሳይወርድ ወደ አገሩ ተመለሰ። ለአንዲት እናት ሕይወት እጅግ ያነሰ ፍርድ ነበር።