የጣናን ጥልቀት በድምፅ ስለ መለካት

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ በምናቋርጠው በዐባይ ሸለቆ አፋፍ ቆሞ የተጣራ ሰው፣ የገደል ማሚቶ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ድምፁ ገደሉን መትቶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። ሶናር የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ በውሃ ውስጥ ያደርጋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ላንዥቨን በ1917 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚንቀጠቀጥ የኳርትዝ ድምፅ ሰጪ ሠርቶ ነበር።

ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። የጣና ጥልቁ ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ድምፁ ደርሶ የሚመለሰው ከሴኮንድ 50ኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ድምፅ ሰጪው ከጀልባው ጋራ እንዴት ይገጠማል የሚለው ነው። ድምፅ ከውሃ ወደ አየር በቀላሉ አያልፍም፤ አረፋ እንኳ ያሰናክለዋል። ስለዚህ በሞተር ጀልባ ላይ ሲገጠም ከጀልባው ሆድ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ውሃውን ከሚያናውጠው ፕሮፔለር ርቆ፣ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መመልከት አለበት።

ታንኳ ግን ሌላ ነው። ደንገል የሚንሳፈፈው በውስጡ አየር ስላለ ነው፤ እንግዲህ ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ያው አየር ድምፁን ያግዳል ማለት ነው። በታንኳ ለመለካት ያሰበ ሰው ዕቃውን በጠንካራ እንጨት ጫፍ አስሮ፣ እንጨቱንም ከታንኳው ጎን አጥብቆ፣ ከደንገሉ በታች ውሃው ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

ከውሃው ገጽ እስከ ዕቃው ፊት ያለው ልክም በተገኘው ጥልቀት ላይ ይደመራል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ታንኳው ዝቅ ስለሚል፣ ጧት የተወሰደው ልክ ማታ እንደገና መታየት አለበት። በገመድ የታሰረ የብረት ሳሕን በታወቀ ጥልቀት ከዕቃው ሥር አውርዶ መሣሪያው እውነት መናገሩን መመርመርም ይገባል።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። 20 ሴንቲ ሜትር መደመር ቢረሳ፣ ከሐይቁ 600 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የጐደለ፣ በምትኩም ያን ያህል ደለል የገባ ይመስላል። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዐባይ የጐጃምን አፈር ወደ ጣና ያወርዳል። ምን ያህል እንዳወረደ የምናውቀው ደግሞ የዛሬውን ጥልቀት ከቀድሞው ጋራ አስተያይተን ነው። ስለዚህ ገበሬያችን ያላጣው አፈር እንደ ጠፋበት እንዳይቈጠር፣ በእውነት ያጣውም ተሰውሮ እንዳይቀር፣ ሐይቁን የሚለካ ሁሉ ከመሣሪያው አስቀድሞ አገጣጠሙን ይመርምር እንላለን።