ከአራዳ እስከ ኢየሩሳሌም፦ የመንገዱ ርቀትና የልብ ዝግጅት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም ለማክበር ያሰቡ ምእመናን በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዐፀድም ሆነ በፒያሳ አካባቢ ሲገናኙ አስቀድመው የሚጠያየቁት ስለ መንገዱ ርቀትና ስለ በረራው ሰዓት ነው። በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ይህን እንመልሳለን፤ ቀጥሎም የመንገዱ ማጠር ለተሳላሚው ምን እንደሚጠይቅ እንመለከታለን።

ከአዲስ አበባ እስከ ቴል አቪቭ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር ጉዞው በ3 ሰዓት የሚያልቅ ይመስላል። ነገር ግን ለመነሣትና ለማረፍ ጊዜ ይወስዳል፤ የአየር መስመሩም ፍጹም ቀጥ ያለ አይደለም። ስለዚህ ቀጥታው በረራ 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቴል አቪቭ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ኢየሩሳሌም ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይኬዳል። በቦሌ ለፍተሻ የሚጠበቀው ጊዜ ሲጨመር፣ ማለዳ ከፒያሳ የተነሣ ተሳላሚ በዚያው ቀን ቅድስት ከተማ ይገባል።

ለአባቶቻችን መንገዱ እንዲህ አልነበረም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ለመስገድ ኢየሩሳሌም የደረሰው በሠረገላ ነው። ከእርሱ በኋላ የነበሩት ተሳላሚዎችም በሱዳንና በግብፅ በረሓ፣ ወይም በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወራት የሚፈጅ ጉዞ ያደርጉ ነበር። ጥማቱ፣ በሽታውና ሽፍታው ብዙዎችን በመንገድ አስቀርቷል። የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ እስከ ጅቡቲ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ቀለለ፤ ከዚያ በመርከብ ይቀጠል ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በመብረር የአየሩን መንገድ ከፈተ።

እንግዲህ ወራቱ ወደ ሰዓታት ሲያጥር የቀረ ነገር አለ። ረጅሙ መንገድ ራሱ መምህር ነበር፤ ተሳላሚው በድካሙ ይጸልያል፣ በደሉን ያስባል፣ ጎልጎታ ሲደርስ ልቡ ተሰብሮ ይደርሳል። የ4 ሰዓት በረራ ግን ይህን ዕድል አይሰጥም። ስለዚህ መንገድ ያደርገው የነበረውን ዝግጅት እኛ ከመነሣታችን በፊት ልናደርገው ይገባል። ለንስሓ አባት መናዘዝ፣ ከተጣሉት ጋር መታረቅ፣ የሰው ዕዳ መክፈል፣ የሕማማቱን ወንጌል አስቀድሞ ማንበብ ከትኬት መቁረጥ ይቀድማል። ሻንጣችንንም ለገበያ ብቻ አናስፋው፤ በዴር ሡልጣን በብዙ ችግር ጸንተው የሚኖሩ መነኮሳት አባቶቻችንን እናስብ።

መሄድ ያልቻለም አይዘን። ለጉዞ ሲል ቤተሰቡን በብድር ማስጨነቅ አይገባውም፤ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የሚሠዋው ሥጋ ወደሙ በጎልጎታ የተሠዋው የክርስቶስ ነውና። ወደ ቅዱስ ቊርባን ለመቅረብ የሚያስፈልገው መንገድ ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም፤ በንስሓ ነው እንጂ።

ለመሳለም የተዘጋጁትን በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።