የታደሰ ይሻላል ወይስ ያገለገለ? ስለ ካሜራ ሌንስ ንግድ የቀረበ ማስገንዘቢያ

የካሜራ ዘመን አጭር፣ የሌንስ ዘመን ግን ረዥም ነው። ካሜራው በየጥቂት ዓመቱ አዲስ በወጣ ዓይነት ሲተካ፣ ሌንሱ በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ አሥርተ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ከዚህም የተነሣ ሌንስ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአገር ወደ አገር እየተላለፈ የሚሸጥ፣ አዲስነቱን ካጣ በኋላም ተፈላጊነቱን የማያጣ ሸቀጥ ሆኖ ይገኛል።

በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው ከፍ ብሏል። ስለዚህ አዲስ ሌንስ ለመግዛት ዐቅሙ የማይፈቅድለት ፎቶግራፍ አንሺ ዓይኑን ወደ ታደሰውና ወደ አገለገለው ዕቃ ማዞሩ የማይቀር ነው። ይህን ደንበኛ ለማስተናገድ የሚያስብ አስመጪ ወይም ባለሱቅ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከሁለቱ የትኛውን መግዛት ይሻላል የሚለው ነው።

መልሱን በአጭሩ ለመናገር፣ በታደሰና ባገለገለ ሌንስ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከመስተዋቱ ጥራት የመጣ አይደለም፤ የምርመራ ዋጋ ነው። ዕቃውን ራሱ መርምሮ መግዛት የሚችል ነጋዴ ይህን ዋጋ ለራሱ ያስቀረዋል። መመርመር የማይችለው ግን ሌላ ሰው እንዲመረምርለት መክፈል ይገባዋል። ሳይመረምርም ሳይከፍልም ለማትረፍ የሚሞክር ሰው የያዘው ንግድ ሳይሆን ዕጣ ነው።

የሁለቱ ስሞች ትርጉም

ያገለገለ ሌንስ ማለት ባለቤቱ ሲሠራበት ቆይቶ ባለበት ሁኔታ የሚሸጠው ነው። የታደሰ የሚባለው ደግሞ ደንበኛ ገዝቶ የመለሰው፣ በሱቅ ለማሳያ የቆየው ወይም ብልሽት ተገኝቶበት የተጠገነው ሌንስ፣ ከተመረመረና ከተስተካከለ በኋላ ከነዋስትናው እንደገና ለሽያጭ ሲቀርብ ነው።

የሆነ ሆኖ «የታደሰ» የሚለው ቃል በሁሉም ሻጭ አፍ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። አምራቹ ፋብሪካ ራሱ ያደሰው አለ፤ ያገለገሉ ዕቃዎችን የሚነግድ ድርጅት በባለሙያ አስመርምሮ ደረጃ የሰጠው አለ፤ ውጪው ብቻ ተወልውሎ ስሙ የተለወጠም አለ። ስለሆነም ገዢው ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። ያደሰው ማን ነው? የተለወጠው ክፍል ምንድን ነው? ዋስትናው ለስንት ጊዜ፣ በየትኛውስ አገር ይጸናል?

ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ለእኛ አገር ነጋዴ ታላቅ ቁም ነገር አለው። የአምራቾች ዋስትና ብዙውን ጊዜ የሚጸናው ዕቃው በተሸጠበት አገር ብቻ ነው። በሌላ አገር የተገዛ ሌንስ አዲስ አበባ ላይ ቢበላሽ፣ ወደዚያው ልኮ አስጠግኖ ለመመለስ የሚወጣው የማጓጓዣ ወጪና የሚባክነው ጊዜ ዋስትናውን ከወረቀት ያለፈ ጥቅም ሊያሳጣው ይችላል። እንግዲህ አስመጪው ለታደሰ ሌንስ ብልጫ ሲከፍል፣ የሚገዛው ወደ ፊት የሚደረግለትን ጥገና ሳይሆን አስቀድሞ የተደረገለትን ምርመራ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም።

ገበያው ስለ ምን ሰፋ

ካኖን የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ኢኤፍ የተባለውን የሌንስ መግጠሚያ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የሠራቸው የኢኤፍ ሌንሶች ቁጥር 100 ሚሊዮን መድረሱን አስታወቀ። ኒኮን በበኩሉ ኤፍ የተባለውን መግጠሚያ ከ1959 ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለቱም ኩባንያዎች በውስጣቸው መስታወት የሌላቸውን አዳዲስ ካሜራዎች ከአዲስ መግጠሚያ ጋር ስላወጡ፣ ብዙ ባለሙያዎች ወደ አዲሱ ሲሻገሩ የቀድሞውን ሌንስ ለገበያ አቀረቡት።

እነዚህ ሌንሶች ከአዲሶቹ ካሜራዎች ጋር ፈጽሞ የማይስማሙ አይደሉም። በኢኤፍ ካሜራ ከመግጠሚያው እስከ ምስሉ ማረፊያ ያለው ርቀት 44 ሚሊሜትር ሲሆን፣ አርኤፍ በተባለው በአዲሱ 20 ሚሊሜትር ነው። በመካከል የቀረውን 24 ሚሊሜትር የሚሞላ ማገናኛ ቀለበት ሲገባ የቀድሞው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ሌንሱን የሚያስመጣ ነጋዴ ማገናኛውን አብሮ ቢይዝ ለሁለት ዓይነት ደንበኛ መሸጥ ይችላል።

ሂሳቡ በቁጥር ሲታይ

ነገሩን ለማስረዳት ያህል ብቻ አንድ ግምታዊ ሂሳብ እናቅርብ። ያገለገለ ሌንስ በ100፣ ያንኑ ዓይነት የታደሰ ሌንስ በ125 ዶላር ይሸጣል እንበል። ነጋዴው 10 ያገለገሉ ሌንሶች በ1,000 ዶላር ሳያያቸው ገዛ። ከእነዚህ አንዱ ፈጽሞ የማይጠቅም ሆነ፤ ሁለቱን ለማስጠገን ለእያንዳንዳቸው 30 ዶላር አወጣ። ጠቅላላ ወጪው 1,060 ዶላር፣ የሚሸጡት ሌንሶች ደግሞ 9 ስለሆኑ አንዱ 118 ዶላር ያህል ወጣበት። ከታደሰው አንጻር በአንድ ሌንስ 7 ዶላር ብቻ አተረፈ ማለት ነው። የማይጠቅሙት ሁለት ቢሆኑ ግን ያው 1,060 ዶላር ለ8 ሌንሶች ስለሚካፈል፣ የአንዱ ዋጋ 132 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል፤ ርካሽ መስሎ የታየውም ከታደሰው የበለጠ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህም በቀር የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ፣ በማጓጓዣውና በኢንሹራንሱ ድምር ላይ ስለሆነ፣ ለማይሠራው ሌንስ የተከፈለው ቀረጥ ኪሣራውን ያበዛዋል። እንግዲህ ትርፍና ኪሣራን የሚለየው ከአሥሩ ውስጥ አንድ ሌንስ ነው፤ ያንን አንዱን አስቀድሞ ለይቶ ማስቀረት የሚችል ነጋዴ ያገለገለውን ሲገዛ ያተርፋል።

ሌንስን የመመርመር ሥርዓት

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ብርቱ የእጅ ባትሪ፣ ለሌንሱ የሚስማማ ካሜራና ሩብ ሰዓት ይበቃሉ።

በመጀመሪያ ውጪው ይታይ። የፊተኛው ጠርዝ የተጎዳ ከሆነ ሌንሱ ወድቋል ማለት ነው። የብሎኖቹ ራስ በካቻቢቴ ተፍቆ ከተገኘም ልምድ የሌለው እጅ እንደ ከፈተው ያመለክታል።

ሁለተኛ፣ ዲያፍራሙ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የባትሪው ብርሃን ከኋላ ይብራና ከፊት በኩል ጋደል ተደርጎ ይታይ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። ሻጋታው ቀላል ሲሆን በባለሙያ ይጸዳል፤ ከቆየ ግን የመስተዋቱን ልባጥ በልቶ የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል። እንደ ጭጋግ ያለ ደብዛዛ ነገር ብዙውን ጊዜ ከውስጡ ቅባት የወጣ ትነት ሲሆን፣ የፎቶግራፉን ጥራት ያደክማል። በጠርዝ በኩል የቀስተ ደመና ቀለም ያለው እድፍ ከታየ የመስተዋቶቹ ማጣበቂያ ለቋል፤ ጥገናው ከሌንሱ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል መተው ይበጃል። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ግን ጉዳት የለውም። በፊተኛው መስተዋት ላይ ያለ ቀጭን ጭረትም እምብዛም አይታወቅም፤ በኋለኛው ላይ ያለው ግን ይበልጥ ያበላሻል።

ሦስተኛ፣ የዲያፍራሙ ቅጠሎች ይታዩ። ደረቅና ፈጣን መሆን አለባቸው። ቅባት ከነካቸው በጊዜው ስለማይዘጉ ፎቶግራፉ ከሚገባው በላይ ብርሃን ገብቶበት ይነጣል።

አራተኛ፣ ሌንሱ ካሜራ ላይ ገብቶ ይሞከር። ርቀትን የሚለዋውጥ ዙም ከሆነ፣ ዲያፍራሙ ቁጥር 8 ላይ ተደርጎ በአጭሩም፣ በመካከሉም፣ በረዥሙም ርቀት ፎቶግራፍ ይነሣ። በዙም ሌንሶች ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ገመድ በመታጠፍ ብዛት ሊበጠስ ይችላል። ይህ ሲሆን ሌንሱ በሙሉ ክፍቱ ደኅና ይሠራና ዲያፍራሙ እንዲዘጋ ሲታዘዝ ካሜራው የስሕተት ምልክት ያሳያል። ሙሉ ክፍቱን ብቻ ሞክሮ የገዛ ሰው ብልሽቱን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው።

አምስተኛ፣ በግድግዳ ላይ ጋዜጣ ተለጥፎ፣ ካሜራው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በሙሉ ክፍት ዲያፍራም ይነሣ። ከአራቱ ማዕዘን አንዱ ብቻ ደብዝዞ ከታየ ከውስጥ አንድ መስተዋት ከቦታው ተዛብቷል።

የትኛው ለየትኛው ይስማማል

በእጅ የሚነጣጠሩ የቀድሞ ዘመን የብረት ሌንሶች በውስጣቸው ሞተርም ኤሌክትሮኒክስም ስለሌላቸው፣ ጉድለታቸው በዓይንና በእጅ ይታወቃል፤ ልምድ ያለው ባለሙያም ሊጠግናቸው ይችላል። እነዚህን አገልግለው መግዛት ያዋጣል። ሞተርና የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ክፍል ያላቸው ሌንሶች ግን የተሸሸገ ድካም ሊኖራቸው ይችላል፤ አምራቾችም አንድ ዓይነት ሌንስ መሥራት ካቆሙ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ መለዋወጫውን ማቅረብ ይተዋሉ። ስለዚህ እነዚህን፣ በተለይም በቦታው ተገኝቶ መሞከር የማይቻል ሲሆን፣ በአምራቹ የታደሱትን መግዛት ይመረጣል።

በዱባይም ሆነ በሌላ ከተማ የታመነ ወኪል ያለው ነጋዴ፣ ከላይ የተዘረዘረውን ምርመራ ወኪሉ ከክፍያ በፊት እንዲፈጽም ቢያዝ፣ ያገለገለውን በድፍረት ሊገዛ ይችላል። ወኪል የሌለው ግን ቢያንስ በባትሪ ብርሃን የተነሣ የሌንሱን ፎቶግራፍና በተወሰነ ቀን ውስጥ ዕቃውን የመመለስ መብት ይጠይቅ። ይህን የሚከለክል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ሁለት ነገሮች

አንደኛው የመግጠሚያ ነገር ነው። የኒኮን ኤፍ መግጠሚያ ከ1959 ጀምሮ ስሙ አልተለወጠም፤ ሆኖም ከ1977 በፊት የተሠሩትና ያልተስተካከሉት ሌንሶች በኋላ ዘመን ካሜራዎች በብዙዎቹ ላይ ሲገቡ የካሜራውን ክፍል ሊሰብሩ ይችላሉ። ስሙን ብቻ አይቶ መሸጥ የደንበኛን ካሜራ ሊያበላሽ እንደሚችል ባለሱቁ ይወቅ።

ሁለተኛው የመስተዋት መወየብ ነው። እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ ከተሠሩት ሌንሶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ከአሳሂ ኩባንያ የሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር ሌንሶች ጥቂቶቹ፣ ቶሪየም የተባለ ጨረር አመንጪ ማዕድን በመስተዋታቸው ውስጥ ስላለ ከዘመን ብዛት ወደ ቢጫነት ይለወጣሉ። ቢጫነቱ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚቀንስ ሌንሱ እንደ ተበላሸ መቆጠር የለበትም፤ ነገር ግን ፈቶ መፋቅ አይገባም፤ ለገዢውም መንገር ግዴታ ነው።

ዕቃው ሱቅ ከገባ በኋላ

ጥሩ ሌንስ በመጥፎ አያያዝ ይበላሻል። በክረምት ወራት እርጥበት ሲበዛ ሻጋታ ይበቅላልና፣ ሌንሶቹ እርጥበት ከሚመጥጥ ሲሊካ ጄል ጋር በሚከደን ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ። የቆዳ ማኅደር እርጥበት ስለሚይዝ ለማከማቻ አይሁን። የእርጥበቱ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ለጥንቃቄ የምትወጣው ጥቂት ገንዘብ ብዙ ዕቃ ታድናለች።

በመጨረሻም የሽያጩ ነገር ነው። በሠርግ ቀን ሌንሱ የተበላሸበት ፎቶግራፍ አንሺ ሠርጉን ማስደገም አይችልም፤ የዕለት እንጀራውንና ስሙን አብሮ ያጣል። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ ዕቃው የታደሰ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ የተገኘበት ጉድለትና ባለሱቁ ራሱ የሚሰጠው የመሞከሪያ ቀን በግልጽ ይጻፍ። «በጠርዙ ጥቂት አቧራ አለው፤ በፎቶግራፍ ላይ አይታይም» ብሎ የሚሸጥ ባለሱቅ ያንን አንድ ሌንስ በጥቂት ብር ቀንሶ ይሸጥ ይሆናል፤ ደንበኛው ግን ለሚቀጥለው ሌንስ ተመልሶ ወደ እርሱ ይመጣል።